የክቡር ፈታሽ የሙቀት ወራት

ጡረታ ሰውን ከሥራ ያወጣል እንጂ ሥራን ከሰው አያወጣም። ጡረታ የወጣ አስተማሪ የሠርግ መጥሪያ ሲደርሰው የፊደል ግድፈቱን በቀይ ያርማል። ጡረታ የወጣ ሾፌር በሰው መኪና ውስጥ ተቀምጦ ፍሬን ይረግጣል። ጡረታ የወጣ ዳኛ የልጅ ልጆቹ በኳስ ሲጣሉ ቀጠሮ ይሰጣል። እነዚህ ሁሉ ግን ቀላል ሕመምተኞች ናቸው። ጡረታ የወጣ የጉምሩክ ፈታሽ ጎረቤት ሆኖት የማያውቅ ሰው ይህን በሽታ አውቃለሁ ባይል ይሻላል።

እኔ አውቀዋለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በየዓመቱ አራት አራት ወር፣ ቲማቲሜ ሳይፈተሽ ቤቴ ገብቶ አያውቅም።

ከተማችን የአገር ጫፍ ላይ ናት። ከእኛ ቀጥሎ ወንዝ አለ፣ ከወንዙ ቀጥሎ የሰው አገር ነው። ከሌላው ነገር ሁሉ ይልቅ የተረፈን ሙቀት ነው። ስለዚህ ደጋው ላይ ውርጭ ሲጀምር ጉልበቱን የሚያመው፣ ወገቡን የሚቆረጥመው፣ ጡረታውን ፀሐይ እየሞቀ መብላት የሚፈልገው ሁሉ እንደ ወፍ መንጋ ይወርድብናል። አራት ወር ሞቆ ይመለሳል።

ክቡር ፈታሽና ባለቤታቸው ሲስተር ከነዚህ ወፎች መካከል ናቸው። «ክቡር ፈታሽ» የሚለውን ስም ያወጣነው እኛ የግቢው ሰዎች ነን። ሲስተርን ግን ራሷ ናት እንዲህ በሉኝ ያለችው፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት በአዋላጅ ነርስነት ሠርታለች። መጀመሪያ አንቱ ስንላት «አንቱታውን ለሱ ስጡት፣ እኔን ያስረጀኛል» አለችን። ከዚያ ወዲህ በዕድሜ እናታችን የምትሆን ሴት አንቺ እያልን እንኖራለን።

ግቢው አምስት ክፍልና አንድ በር አለው። አከራያችን ቁልፌ የእኔ እኩያ ናት፤ ስሟን ያገኘችው የአምስቱን ክፍል ቁልፍ ባንገቷ አንጠልጥላ ስለምትዞር ነው። ወደ መንገዱ የምትከፈተው ክፍል የእኔ ሱቅ ናት፣ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት። ከኋላዋ እኖራለሁ። እንግዶቹ በመጀመሪያው ዓመት ሲመጡ ቁልፌ ጥላ ያለውንና ዛፉ ሥር ያለውን ክፍል አሳየቻቸው። ክቡር ፈታሽ አየት አደረጉትና በሩ አጠገብ ያለችውን፣ ከሰዓት በኋላ ሰው የሚጋገርባትን ክፍል መረጡ።

«ንፋስ አላት» አሉ።

ንፋስ የላትም። ያላት በሩን ነው።

በማግስቱ ጠዋት ከዚያች ክፍል አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ ወጣች። ከጠረጴዛዋ በስተኋላ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ ክቡር ፈታሽ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው፣ ደረት ኪሳቸው ላይ ሁለት እስክሪብቶ ሰክተው። ጋዜጣ የሚያነቡ መስሎኝ ነበር። ከገበያ ስገባ ጋዜጣውን በአራት አጥፈው ተነሡ።

«የሚያስመዘግቡት ነገር አለ?»

እንግዲህ ማታውን «አንቺ ልጅ፣ ጨው አለሽ?» ያሉኝ ሰው ናቸው። ሥራ ላይ ሲሆኑ ግን ለማንም አንቱ ነው። አንድ ጊዜ የግቢዋን ድመት፣ አፏ ውስጥ የሆነ ነገር ይዛ በአጥር ስትገባ፣ «ቆም ይበሉ» ብለዋታል።

«ኧረ ጋሼ፣ ቲማቲም ነው» አልኳቸው።

«ብዛቱ?»

«ኪሎ።»

«እስቲ ይፈቱት።»

አንድ በአንድ አወጡት። አምስተኛውን ወደ ፀሐይ አንሥተው አዟዟሩትና ለብቻ አስቀመጡት። «ይህ ተመትቷል። ሻጩ ደህና ደህናውን ከላይ ይደረድርና የተመታውን ከሥር ይሸጉጣል። የታወቀ ዘዴ ነው።» ከዚያ በእጃቸው ወደ ገዛ ቤቴ እያመለከቱ፣ «ይለፉ» አሉኝ።

አለፍኩ። በራሴ በር፣ ከራሴ ቲማቲም ጋር።

የሚያናድደው መፈተሹ አልነበረም። የሚያናድደው ሰውየው ትክክል መሆናቸው ነው። የቁልፌን እንቁላል ትሪ ፈትሸው አንዱ ስንጥቅ መሆኑን ሳይነኩት አወቁ። የቆጣሪ አንባቢውን የመሣሪያ ቦርሳ ከፍተው ሰውየው ወር ሙሉ ሲፈልገው የነበረውን ፒንሳ ከራሱ ቦርሳ ሽፋን ውስጥ አወጡለት። አመስግኖ ሄደ፣ በየወሩም መጀመሪያ እሳቸው ፊት ቆሞ ቦርሳውን ይፈታል።

ከሁሉ የማይረሳው ግን ቁልፌን ሊጠይቅ የመጣው ሰውዬ ነው። ሽቶ ተቀብቶ፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ ስጦታ ይዞ፣ በሩ ላይ ደረሰ። ክቡር ፈታሽ ተነሡ።

«የሚያስመዘግቡት ነገር አለ?»

«ስጦታ ነው፣ አባቴ። ለእመቤቲቱ ነው።»

«መልካም። ይፈቱት።»

ሰውየው ሳቀ። ክቡር ፈታሽ አልሳቁም። ተፈታ። ሐር ሻርፕ ነው፣ ያምራል። እሳቸው ግን ጨርቁን አላዩትም፣ ጠርዙን ገልብጠው አዩት። እዚያ ጠርዙ ላይ የልብስ ንጽሕና መስጫ ቤት የሚያያይዛት ቁጥር ያለባት ቁራጭ ወረቀት ከነመርፌ ቁልፏ ነበረች።

«ያገለገለ ዕቃ በአዲስ ስም አይገባም» አሉ።

ቁልፌ በረንዳዋ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። «ጋሼ፣ ይመልሱልኝ» ብቻ አለች። ሻርፑም ሰውየውም ተመለሱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቁልፌ በክቡር ፈታሽ ላይ ክፉ አታሰማም። እኔ ግን አሰማለሁ፤ የቲማቲሙ ጉዳይ የግል ነው።

ይህን ሁሉ የሚያደርጉት በመርሕ ነው። «ዕቃ አይዋሽም፣ የሚዋሸው ሰው ነው» ይላሉ። «ዓይኑን አትይው። ዓይን ሥልጠና ይወስዳል። ቦርሳውን የያዘበትን እጅ እይ።»

ይህ ሁሉ ሲሆን በዚያ በር አንዲት ሴት ብቻ ሳትፈተሽ ትገባና ትወጣ ነበር፤ ሲስተር።

ሲስተር ደግሞ ከሁላችን የባሰች ኮንትሮባንድ ነጋዴ ናት። የባልና ሚስቱ ሕግ ግልጽ ነው። ሁለት ሻንጣ ይዘን መጣን፣ ሁለት ሻንጣ ይዘን እንመለሳለን፣ ሻንጣ የማይገባ ነገር እዚህ አይገዛም። እንግዳ ዕቃ አያበዛም። ሲስተር ሕጉን በሙሉ ድምፅ ትደግፋለች፣ ከዚያ ወጥታ ትራስ ትገዛለች። የመጀመሪያውን ዓመት ትራስና ነጠላ ጫማ አስገባች፤ በሁለተኛው ዓመት ከረሜላና ልብ ወለድ መጻሕፍት በጉያዋ። አንድ ቀን በቀትር የፕላስቲክ ወንበር በራሷ ላይ ገልብጣ መጣችና ጠረጴዛዋ ጋ ስትደርስ «ፀሐዩ ከብዶኝ ነው» ብላ አለፈች።

ክቡር ፈታሽ የጋዜጣቸውን ገጽ ገለጡ።

«እንዴት ነው የማይዙሽ?» አልኳት በኋላ፣ በሳቅ እየሞትኩ።

«ሠላሳ ስድስት ዓመት ሕፃን ያወጣ እጅ፣ ወንበር ማስገባት ያቅተዋል?»

አመንናት። የእጇ ሙያ ነው ብለን አመንን።

ክቡር ፈታሽ ከእኛ ዘንድ ይቀመጣሉ እንጂ አይኖሩም ነበር፣ ይህን መናገር አለብኝ። ልባቸው ደጋ ያለው ቤታቸው ላይ ነው። አሥራ አንድ ዓመት የሠሩት ቤት ነው፤ ድንጋዩን አንድ በአንድ እየመረጡ፣ በየበዓሉ ፈቃድ፣ በየእሑዱ። ግድግዳቸው ላይ የቀን መቁጠሪያ ሰቅለው ያለፈውን ቀን በማስመሪያ እያሰመሩ ይሰርዛሉ። ጠዋት «እንደምን አደራችሁ» አይሉም፣ «ሰባ ሁለት ቀረን» ነው የሚሉት።

«በሩን ብቻ ስድስት ወር ፈጀብኝ» ይሉናል፣ ላልጠየቅናቸው። «ሌላ በር ስትዘጊው ይጮኻል። የኔ በር አይጮኽም። እሺ ነው የሚለው።»

ያን በር አይቼው አላውቅም። ብታዘዝ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ልሥለው እችላለሁ።

ሲስተር ደጋ ላይ ትስላለች። ደረቅ ሳል ነው፣ ብርዱ ሲገባ ይጀምራል። እዚህ ወርዳ በሦስተኛው ሳምንት ይተዋታል፤ የሚመጡትም ለዚሁ ነው። ዘንድሮ ግን ሦስተኛው ሳምንት አለፈ፣ ስድስተኛውም አለፈ፣ ሳሉ አልሄደም። ስልሳ ቀን ሲቀራቸው ሲስተር «መነጽር ላሠራ» ብላ ብቻዋን ድልድዩን ተሻገረች። ማዶ ሐኪም ማግኘት ይቀላል፣ ሁላችንም የምንሄደው እዚያ ነው። ከሰዓት በኋላ አንድ ትልቅ ፖስታ ይዛ ሱቄ ገባች።

«ይህን ከትልልቁ ወረቀት ሥር አድርጊልኝ።»

«ምንድን ነው?»

«ሳንባዬ።»

የቀልድ መስሎኝ ከፈትኩት። ራጅ ነው፣ ከሐኪም ደብዳቤ ጋር። ሲስተር የማሽኑን ክዳን እንደ ሕፃን ጀርባ መታ መታ እያደረገች ነገረችኝ። ብርዱ ሳንባዋን እያጠበበው ነው። ሐኪሙ ከእንግዲህ ደጋ አትውጪ ብሏታል፤ ለአራት ወር ሙቀት መጥቶ መመለስ ከአሁን በኋላ አይበቃም፣ ዓመቱን ሙሉ ቆላ መኖር አለብሽ ብሏታል።

«እሺ፣ ንገሪያቸዋ!» አልኳት።

«ነግሬው ምን ልሁን? ቤቱን ወይ እኔን ምረጥ ማለት እኮ ነው። እሱ ደግሞ እኔን ነው የሚመርጠው፣ አውቀዋለሁ። መርጦኝ እዚያች በር ላይ ተቀምጦ የራሱን በር ሲያስብ ማየት ነው የማልችለው።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ቀኑ ሲደርስ ሻንጣዬን ይዤ እሄዳለኋ። ሳል ነው። አብሮኝ ኖሯል።»

አስማለችኝ። ማልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያች ጠረጴዛ ፊት ማለፍ ምን እንደሆነ ለጠላቴም አልመኝም።

«ዛሬ ከቲማቲሙ ሌላ ነገር አለ» አሉኝ አንድ ጠዋት።

«የለም፣ ጋሼ።»

«እጅዎ ነጭ ሆኗል።»

«ደም አንሶኝ ነው።»

እጄን ገልብጠው አዩት። «ጉበት ይብሉ» ብለው አሳለፉኝ።

አሥራ ስምንት ቀን ሲቀር የክቡር ፈታሽ የቀሩት የላይኛው ረድፍ ጥርሶች ለቀቁ። ማዶ ያለ ጥርስ ሠሪ በአንድ ሳምንት ሰው ሠራሽ አዘጋጀላቸው፣ ሊያስገጥሙት ሦስታችን ተያይዘን ተሻገርን። እሳቸው ለጥርስ፣ እኔ ለማሽኔ ቀለም፣ ሲስተር «መነጽሩ ጠቦኝ ነው» ብላ። መነጽር የላትም። ራጁን ለሐኪሙ ድጋሚ ልታሳየው ነበር፤ ፖስታውን ጠዋት ከወረቀቴ ሥር አውጥታ በትልቁ ቦርሳዋ ውስጥ ሸጉጣዋለች።

ተመለስን። በድልድዩ የእኛ ጫፍ ላይ የጉምሩክ አዳራሽ አለ። እኛ የከተማው ሰዎች በዚያ አዳራሽ የምናልፈው በግቢያችን እንደምናልፍ ነው። ይቅርታ፣ ከግቢያችን በቀለለ ነው የምናልፈው። ማንም አይጠይቀንም። ተረኛዋ ሻይዋን እየጠጣች በእጇ «እለፉ፣ እለፉ» ትላለች።

ክቡር ፈታሽ ቆሙ።

«አባባ፣ ይለፉ» አለች ተረኛዋ።

«መጀመሪያ ይጠየቃል እንጂ እንዲህ አይባልም።»

ተረኛዋ ከኋላችን ያለውን ሰልፍ አየች። ሻይዋን አስቀመጠች። «እሺ። የሚያስመዘግቡት ነገር አለ?»

በሕይወታቸው ሙሉ የጠየቁትን ጥያቄ ሰው ሲጠይቃቸው ፊታቸው በራ።

«አለ። ጥርስ።»

«ምን?»

«የላይኛው ረድፍ። ብዛት፣ አንድ። ማዶ የተሠራ።»

«የታለ?»

አፋቸውን ከፈቱ።

«አባባ፣ አፍ ውስጥ ያለ ነገር ቀረጥ የለበትም።»

«ቀረጥ መች ጠየቅኩሽ? ይመዝገብ ነው ያልኩት።»

ቅጽ ወጣ። ተረኛዋ መጀመሪያ ተሰላችታ ነበር፣ በኋላ ግን ነገሩ ጣማት መሰለኝ፣ ወንበሯን ወደ ፊት ሳብ አደረገች። «አዲስ ነው ወይስ ያገለገለ?»

ክቡር ፈታሽ ሰዓታቸውን አዩ። «ሁለት ሰዓት ያገለገለ።»

ከኋላችን ፍራሽ የተሸከመ ሰውዬ፣ «አባባ፣ አንዴ ይንከሷትና እንሂድ» አለ። አዳራሹ ሳቀ። ሲስተርም ሳቀች፣ ከሳቁ በኋላ ሳለች።

ቅጹ ላይ አንድ መስመር ቀረ፤ አብሮ የሚሄድ ቤተሰብ ቦርሳ ታይቷል ወይ የሚል ነው። ተረኛዋ ሳታይ ልታሰምርበት እስክሪብቶዋን አነሣች።

«ሳታዪ?» አሉ ክቡር ፈታሽ።

«አምኜዎታለሁ፣ አባባ።»

«አምነሽ አትፈርሚ። አይተሽ ነው የሚፈረም።» ይህን እያሉ፣ ለማስተማር ባላቸው ጉጉት ተይዘው፣ ዞር ብለው የሲስተርን ቦርሳ ከትከሻዋ አወረዱት።

ሲስተር እጇን ዘረጋች። ያ ፈጣን እጅ ያን ቀን ዘገየ።

ዕቃው ባንኮኒው ላይ ወጣ። ከረሜላ። አንድ ልብ ወለድ፣ ሌላ ልብ ወለድ። አዲስ ነጠላ ጫማ። ከሥር ፖስታው። ሐሳባቸው ገና ቅጹ ላይ እያለ እጃቸው በልማዱ ከፈተው። ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡት። የሻንጣ ሥር ሲያነብ የኖረ ዓይን የሳንባ ሥዕል ማንበብ አይችልም። ደብዳቤውን ግን አነበቡት። መጀመሪያ በፍጥነት፣ ከዚያ እንደገና ከላይ ጀምረው። አዲሱ ጥርስ አፋቸውን ገና ስላልለመደው ከንፈራቸው አልገጠመም።

እኔ ጣሪያውን፣ ቀለሜን፣ መሬቱን አየሁ። ከሳቸው ፊት በቀር ያላየሁት ነገር የለም።

«አባባ፣ ይህም ይመዝገብ?» አለች ተረኛዋ ቀስ ብላ።

«አይመዘገብም» አሉ። «ይህ የሷ ነው።»

ሁሉንም እንደነበረው መለሱ። ከረሜላውን እንኳ በቦታው። ዚፑን ዘግተው ቦርሳውን ትከሻዋ ላይ አንጠለጠሉላትና ወጡ። ተረኛዋ «ቅጽዎን ረሱ» እያለች በር ድረስ ተከተለቻቸው። አልዞሩም።

ከአዳራሹ እስከ ግቢያችን የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። ሁለቱ ፊት ፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ቀለሜን እንደ ታቦት ተሸክሜ። ሲስተር፣ «ስማ እስቲ፣ ልነግርህ ነበር» አለች። መንገድ ላይ ካለው ጣውላ መሸጫ አጠገብ ስናልፍ ነው ክቡር ፈታሽ የተናገሩት።

«አርባ ዓመት ያልከፈትኩትን ቦርሳ፣ ለጥርስ ብዬ ከፈትኩት።»

ሲስተር ቆመች። «ያልከፈትከው? ታይ ነበር እንዴ?»

«ሰው ለፀሐይ ብሎ የፕላስቲክ ወንበር አይሸከምም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ሁሉን እየጠረጠሩ መኖር ይደክማል። የአንድ ሰው ዕቃ እንኳ ሳላየው እንዲገባልኝ ፈልጌ ነው።»

እንግዲህ እኔ ለስድስት ዓመት የእጅ ሙያ ነው ብዬ ያመንኩት ይህ ነበር።

በማግስቱ ጠረጴዛዋ አልወጣችም። በሦስተኛውም ቀን አልወጣችም። ክቡር ፈታሽ ክፍላቸው ውስጥ ናቸው፣ በሩ ገርበብ ብሏል። እኔ ከገበያ ስገባ ማንም አላስቆመኝም፣ በቀጥታ ቤቴ ገባሁ። የሰው ቤት እንደሰረቅኩ ሆኖ ተሰማኝ። ቲማቲሙን ስፈታው ሦስቱ የተመቱ ናቸው። ቁልፌ እንቁላሏን ይዛ ባዶው ቦታ ላይ ቆማ አየኋት፣ ያለ ምክንያት፣ ታክሲ እንደምትጠብቅ። ቆጣሪ አንባቢው መጥቶ ቦርሳውን ፈታ፣ ጠበቀ፣ ራሱ መልሶ አሠረ።

«ምን ይላሉ?» አልኳት ሲስተርን።

«ምንም። የቀን መቁጠሪያውን ያያል።» ድምፅዋ ሳቀ፣ ዓይኗ ግን አልሳቀም። «ይኸው፣ የፈራሁት መጣ። ሻንጣዬን አውጥቼ መክተት ጀምሬያለሁ። እንሄዳለን ብዬዋለሁ። ወረቀት ነው፣ ሐኪም ይሳሳታል፣ ብዬዋለሁ።»

«እሳቸውስ?»

«ሻንጣውን መልሰው ዘረገፉት።» እሷም ለአንዴ አንቱ አለቻቸው። «መልሼ ከተትኩት።»

በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ ገና ሱቄን ሳልጠርግ፣ ክቡር ፈታሽ የተተኮሰ ሸሚዛቸውን ለብሰው ገቡ። ከኋላቸው ቁልፌ ከነቁልፎቿ።

«የቤት ኪራይ ውል ጻፊልን» አሉኝ።

ተቀመጥኩ። «ለየትኛው ክፍል?»

«ዛፉ ሥር ላለው። ጥላ ያለው። እሷ ከሰዓት በኋላ ትተኛለች።»

«ደጋ ያለው ቤትስ?»

«ልጃችንን ማታ በስልክ ነግሬያታለሁ፣ ከባሏ ጋር ትገባበታለች። በሩን አትወርውሪው፣ ተይው ራሱ ይዘጋል፣ ብያታለሁ።»

ሲስተር ወሬው ደርሷት በነጠላ ጫማ እየሮጠች መጣች።

«አንተ ሰው፣ ማን ጠየቀህ?»

«ማንም። ደበቁኝ እንጂ ማን ጠየቀኝ?»

«አሥራ አንድ ዓመት የሠራኸው ቤትስ?»

«ቤቱ ሳል የለበትም።»

ቁልፌ ወደ ግድግዳው ዞረች። እኔ ያልተጻፈ ነገር ማረም ጀመርኩ።

«እዚህ ተቀምጠህ ስታስበው ልትኖር ነው» አለች ሲስተር። «እኔ ደግሞ ያን ማየት አልችልም።»

«አስበዋለሁ፤ ምን አለበት? የሠራሁት ቤት ነው፣ እስክሞት አስበዋለሁ። ግን ስለሱ ሳወራ የሚሰማኝ ሰው ያስፈልገኛል። አንቺን ብርዱ ከወሰደብኝ ለበሩ ነው የማወራው? በሩ እሺ ከማለት ሌላ ምን ያውቃል?»

ሲስተር ተጠግታ የሸሚዛቸውን ኮሌታ፣ ያልተጣመመውን፣ አቀናችው።

«የዚህን አገር ሙቀት ሲጠና አላየኸውም» አለች። «ድንጋይ ያፈላል።»

«እሱም እኔን አላየኝም።»

መጻፍ ቀጠልኩ። አከራይ፣ ተከራይ፣ ክፍሉ፣ የክፍሉ ስፋት። ክቡር ፈታሽ ከትከሻዬ ላይ ሆነው ሁለት ግድፈት አረሙ። ከዚያ ሁልጊዜ ወደምንጽፈው መስመር ደረስኩ፤ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን።

«እስከ መቼ ልበል?»

«ለዓመት በይው፣ ይታደሳል» አለች ቁልፌ።

ክቡር ፈታሽ ወረቀቱን ሳይሆን ሲስተርን አዩ። «ተይው» አሉኝ።

«ባዶ?»

«ባዶ።»

«ጋሼ፣ ባዶ መስመር ያለው ወረቀት ሊፈርሙ ነው?» አልኳቸው።

«ዛሬ እፈርማለሁ። እሱን እግዜር ይሙላው፣ አትቸኩሉበት።»

ፈረሙ። ቁልፌ ፈረመች። ሲስተር የአዋላጅ ፊርማዋን፣ ማንም ሊያነበው የማይችለውን፣ ጫረችበት። ምስክር ሲፈለግ እኔ ነበርኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ የመሄጃቸውን ቀን ከሳቸው እኩል ስቆጥር የኖርኩ ሴት ነኝ፣ ለሰማኝ ሁሉ ስናገር የነበረው ይህንኑ ነው። ከጋብቻዬ ወረቀት ወዲህ ስሜን እንዲህ አሳምሬ ጽፌ አላውቅም።

ቅጂ ሦስት ታዘዘ። አንዱ ለአከራይ፣ አንዱ ለተከራይ፣ አንዱ ለማኅደር። ማሽኑን አዞርኩት። ክቡር ፈታሽ የወጣውን ወረቀት ከትሪው ላይ አንሥተው ቆጠሩ፣ እንደገና ቆጠሩ።

«አራት ነው» አሉ። «አራተኛው የማን ነው?»

ሲስተርና ቁልፌ ዞረው አዩኝ። እጄን ከጠረጴዛው ሥር ደበቅኩት።

«ማሽኑ ተሳስቶ ነው፣ ጋሼ።»

ማሽኑን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ከዚያ ሦስቱን ለይተው በክንዳቸው ሥር አደረጉ፣ አራተኛውን በጀርባው ገልብጠው ከትልልቁ ወረቀቴ ሥር አንሸራተቱልኝ፣ ሲስተርን ክንዷን ያዙ።

«ማሽንሽ» አሉኝ ከደጃፉ ሲወጡ፣ «ደህና ማሽን ነው።»